ለትንሿ እራፊ ማን ይጠየቃል?

በጎ ሥራ ትንሽ ነው ተብሎ እንደማይናቅ ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። ከመንገድ ላይ እሾህ ማንሳት፣ ለተጠማ ውኃ ማቀበል፣ ወንድምን በፈገግታ መቀበል ሁሉ ከሰደቃ የሚቆጠር መሆኑን መድረሳ ከገባ ሕፃን ጀምሮ የማያውቅ የለም። ትምህርቱ እውነት ነው፤ የሚከራከርበትም አላየሁም። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋር ተያይዞ ሊነሳ ሲገባው እምብዛም የማይነሳ ጥያቄ አለ። ስጦታው ትንሽ ሲሆን ተጠያቂነቱስ አብሮ ያንሳል ወይ? እሾሁን ከመንገድ ያነሳው ሰው እሾሁን የት ጣለው?

ጥያቄውን ያስነሳብኝ ነገር ለብዙ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ኮምፒዩተር ነውና። ቢሆንም ነገሩ ከእያንዳንዳችን ኪስ የራቀ አይደለም። ከመካኒሳ አቦ ወደ ሳር ቤት በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ከተሳፈሩት ሰዎች የአብዛኞቹ ስልክ አንድሮይድ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ነው። አንድሮይድ ደግሞ የተገነባው ሊኑክስ በተባለ ከርነል ላይ ነው። ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ሲሆን የመሣሪያውን አካልና በላዩ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያገናኘው እርሱ ነው። ሊኑክስን በኦገስት 1991 ለዓለም ያስተዋወቀው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ላይ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ራሱ ወደ በኋላ ቁም ነገር ይሆንብናል።) ወጣቱ የጻፈውን ኮድ አልደበቀም፣ አልሸጠውምም። ማንም እንዲያየው፣ እንዲለውጠው፣ እንዲያሻሽለው ክፍት አድርጎ ተወው። ዛሬ ያ ሥራ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል፤ በየዘጠኝና ዐሥር ሳምንቱ አዲስ እትም ይወጣለታል፤ በአንድ እትም ውስጥም ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የላኳቸው ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ ለውጦች ይገባሉ።

ከእነዚህ ለውጦች እያንዳንዳቸው ፓች ይባላሉ። እኛ እራፊ ብንለው ይስማማዋል። እናቶቻችን የተቀደደ ልብስ የሚጥፉበት ቁራጭ ጨርቅ ማለት ነውና። ብዙዎቹ ፓቾች ሁለት ወይም ሦስት መስመር ናቸው። አንዱ የተሳሳተ ቁጥር ያርማል፣ ሌላው የተዘነጋ ማረጋገጫ ይጨምራል፣ ሌላው የፊደል ግድፈት ያቃናል። እንዲህ ሲታይ ዓለም የሚገለገልበት ይህ ትልቅ ሥርዓት በመሠረቱ ድሪቶ ነው፤ ሺህ እጆች የጣፉት ድሪቶ። ስድብ አይደለም። ድሪቶ ያሞቃል።

በሰፈራችን አንድ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተል ወጣት አለ። የቆየ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊኑክስ ጭኖበታል፤ ቋንቋውንም አማርኛ አድርጎታል። ታዲያ አንድ ቀን በጃንዋሪ ወር ኮምፒዩተሩ ወሩን «ጃንዩወሪ» ብሎ ጽፎ ቢያገኘው ተቆጣ። «ጋሼ፣ ለምን ጥር አይለውም? ይኼ እኮ ሁለት መስመር ቀይሮ መላክ ነው፤ ለአገር አንድ ነገር አደረግሁ ማለት ነው» አለኝ። ቁጣው የሚወደድ ቁጣ ነው። ስንቱ ጎረምሳ ስለ ኳስ ሲቆጣ እርሱ ስለ ፊደልና ስለ ወር ስም መቆጣቱን ማን ይጠላል?

ነገር ግን «ጃንዩወሪ» የሚለው ቃል እዚያ ቦታ ላይ በስንፍና የተገኘ አይደለም። ኮምፒዩተር ስለ አንድ አገርና ቋንቋ የቀን ስም፣ የወር ስም፣ የገንዘብ ምልክት፣ የስልክ መለያ ቁጥር የሚያነብበት ትንሽ ፋይል አለው። በሊኑክስ ዓለም ይህ ፋይል የሚገኘው የግኑ ሲ ላይብረሪ በሚባለው ስብስብ ውስጥ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደን ብናይ፣ ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለግዕዝ፣ ለትግረ፣ ለብሌን፣ ለወላይትኛና ለሲዳምኛ የተዘጋጁት ፋይሎች የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ሥራ ናቸው፤ የዚህ ድርጅት መሥራች ዳንኤል ያዕቆብም ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ፊደል በኮምፒዩተር ዓለም ቦታ እንዲያገኝ የደከመ ሰው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን ያን ጊዜ 345 ፊደላትና ምልክቶች ተመዝግበውለታል። ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጽፈው ከዚህና ከመሰሉ ሥራዎች የተነሳ ነው። ብዙው ሕዝብ የሠሪዎቹን ስም እንኳን ሊያውቅ እንዲህ ያለ ሥራ እንደነበረም አያውቅም።

እነዚህ ሰዎች «ጥር» የሚለውን ቃል ሳያውቁት ቀርተው ይሆን? የለም። ያ ፋይል የሚሰይመው የግሪጎርያኑን ወር ነው፤ ጃንዋሪ ደግሞ ጥር አይደለም። ጥር 1 ቀን የሚውለው ጃንዋሪ 9 ላይ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመትም ጃንዋሪ 10 ላይ። የወጣቱ ፓች ተቀባይነት አገኘ እንበልና አንድ የጤና ጣቢያ ኮምፒዩተር ለአንዲት ነፍሰ ጡር እህት ጃንዋሪ 5 ቀን ቀጠሮ ሰጣት እንበል። ወረቀቱ «ጥር 5» ብሎ ይወጣል። እርስዋ ዘመኗን በሙሉ የምታውቀው ጥር አንድ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮዋ ካለፈ ከስምንት ቀን በኋላ ትመጣለች። ዓመተ ምሕረቱ ከተጻፈ ምናልባት ትጠራጠር ይሆናል፤ ካልተጻፈ ግን የምትጠራጠርበት ምክንያት የላትም። ሁለት መስመር ናት፤ የተላከችውም በአገር ፍቅር ነው። ስምንት ቀን ግን ስምንት ቀን ነው።

እንግዲህ የጥያቄያችን ሥር እዚህ ላይ ነው። ፓቿ ትንሽ የሆነችው ለሰጪው ብቻ ነው። ለሰጪው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ናት። ለተቀባዩ ግን ትንሽ አይደለችም፤ በምን ያህል ኮምፒዩተር ውስጥ እንደምትገባና በማን ሕይወት ላይ እንደምታርፍ ማንም ቆጥሮ አይዘልቀውምና። የስጦታን ክብደት በሰጪው ድካም ብቻ የሚመዝን ሰው ሚዛኑን በግማሽ ይዞታል ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሥራ ከደቦ ጋር ያመሳስሉታል። ማመሳሰሉ መጥፎ አይደለም፤ እኔም ወድጄው ነበር። ሲመረመር ግን አንድ ልዩነት አለ። በደቦ ጊዜ የማሳው ባለቤት ሰዎቹን ጠርቷቸው ነው የሚመጡት፤ ምግቡን አዘጋጅቶ፣ እርሱም ከፊት ቆሞ ነው። ማን እንደሚያጭድ፣ ማን እንደሚያባክን በዓይኑ ያያል። አጫጆቹም ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ያበላሸ ሰው ነገ በገበያ ይገናኘዋል። ወንፈል ከሆነም ተራው ይደርስና በእርሱ ማሳ ላይ ይካሳል። በሊኑክስ ግን የሚመጣው ያልተጠራ ሰው ነው። ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ማሳውን ነክቶ በዚያው ሊጠፋ ይችላል። በመሆኑም በደቦ ውስጥ ጉርብትና የሚሠራውን ሥራ እዚህ ላይ የሰውየው ኅሊና ሊሠራው ግድ ነው።

ጉርብትና ባለበትም ቢሆን ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። የክረምት ዝናብ የሰፈራችንን የውስጥ መንገድ ሲቦረቡረው የሚሆነውን መካኒሳ አቦ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። አንድ ክረምት አንድ ደግ ጎረቤት ከሚሠራው ቤት የተረፈውን ፍርስራሽ በጋሪ አስጭኖ ጉድጓዱን ደፈነው። ሁላችንም መረቅነው። ባለመኪናውም ቆሞ አመሰገነ። ፍርስራሹ ግን ከመንገዱ ዳር ያለውን ቦይ ጭምር ሞልቶት ኖሮ በቀጣዩ ሌሊት የወረደው ጎርፍ መሄጃ ቢያጣ ከታች በኩል ወደ አንዲት መበለት ግቢ ገባ። የእርስዋ ዱቄትና ፍራሽ ውኃ በላው። ሰውየው ጥፋተኛ ነው ልል አይደለም። ጧት ሲሰማ አካፋውን ይዞ ወጣ፤ ቦዩን ቀኑን ሙሉ ሲጠርግ ዋለ፤ ለሴትየዋም ዱቄት ገዛላት። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ይህን ሰው ይበልጥ አከበረው እንጂ አልናቀውም። ጉድጓድ ደፍኖ መንገድ ዳር ቆሞ ከአላፊው ሁሉ ሳንቲም የሚቀበል፣ ቦዩ ሲዘጋ ግን የማይገኝ ሰውም አይተናል። የሁለቱም ድንጋይ አንድ ዓይነት ነው።

በሶፍትዌሩ ዓለም ይኸው በትልቁ ይታያል። በየፕሮጀክቱ የሚላከውን ፓች የሚቀበሉ፣ የሚያነቡ፣ የሚፈትኑና የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ጠባቂዎች እንበላቸው። እያንዳንዷ ፓች ከጠባቂው ጊዜ ትቀንሳለች። በ2020 ዲጂታል ኦሽን የተባለው ኩባንያ በየዓመቱ በኦክቶበር በሚያካሂደው ዝግጅት ላይ አራት ለውጥ ለላከ ሰው ካናቴራ እሸልማለሁ ስላለ፣ ከመላው ዓለም የመጡ ሰዎች በየፕሮጀክቱ መግለጫ ላይ «ግሩም» የሚል ቃል እየጨመሩ ይልኩ ጀመር። ጠባቂዎቹ ያን ቆሻሻ ሲለቅሙ ሰነበቱ፤ አዘጋጁም ወሩ ሳያልቅ ደንቡን ለመቀየር ተገደደ። ካናቴራ ለማግኘት ሲባል የሰውን ዕድሜ መብላት ስጦታ ከተባለ ቅሚያ የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

ሊኑክስ ለዚህ ሁሉ ያበጀለት መላ አለ፤ አንባቢዎቻችንም ሲሰሙት እንግዳ አይሆንባቸውም። ከ2004 ጀምሮ ማንኛውም ፓች ከታች የላኪው ስም ሰፍሮበት፣ «ይህን ለመስጠት መብት አለኝ» የሚል ምስክርነት ተያይዞበት ነው የሚገባው። ፓቿ ከላኪው ወደ ንዑስ ክፍሉ ጠባቂ፣ ከእርሱም ወደ በላይ ስታልፍ ተቀባዩ ሁሉ ስሙን ከሥር እየጨመረ ይሄዳል፤ እንዲህ እያለ ሊኑስ ዘንድ ይደርሳል። ይህ ከኢስናድ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ተመልከቱ። ማን ከማን ሰማ፣ እርሱስ ከማን፣ እያንዳንዱ ሰውስ ታማኝ ነው ወይ እየተባለ ሰንሰለቱ የሚመረመርበት ሥርዓት ማለት ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ መስመር ችግር ፈጥሮ ቢገኝ፣ ያንን መስመር ማን እንደጻፈው በአንድ ትእዛዝ ይታያል። የትእዛዙ ስም ራሱ ብሌም ነው፤ ወቀሳ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ቀልደው ይሁን አምርረው እንጃ።

ኢስናድ ካነሳን አይቀር፣ የሐዲስ ሊቃውንት ከገጠሟቸው ፈተናዎች አንዱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ውሸታም ሁሉ ክፉ አስቦ የሚዋሽ አልነበረም። ሰዎችን ወደ በጎ ሥራ ለማነሳሳት፣ ቁርኣን በብዛት እንዲቀሩ ለማድረግ ብለው ንግግር ፈጥረው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስጠጉ ሰዎች ነበሩ። ዓሊሞቹ ግን «ኒያችሁ መልካም ነው» ብለው አላለፏቸውም፤ ስማቸውን ለይተው መዝግበው የሚሉትን ሁሉ ጣሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ አንድ ጊዜ የገባ ሐሰት፣ በበጎ ታስቦም ቢሆን፣ ሰንሰለቱን በሙሉ ያስጠረጥራል።

በ2020 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። የሊኑክስ ጠባቂዎች ሆን ተብሎ የተሸሸገ ስህተት ያለበትን ትንሽ ፓች ይለዩ እንደሆነ ለማወቅ፣ በሐሰት ስም እንከን ያለባቸውን ፓቾች ላኩላቸው። ዓላማችን የሥርዓቱን ድክመት አሳይቶ ማጠናከር ነበር አሉ፤ ፓቾቹም እንዳይገቡ ተጠንቅቀን ነበር አሉ። ነገሩ በኤፕሪል 2021 ሲፈነዳ ግሬግ ክሮዋ ሃርትማን የተባለው ታዋቂ ጠባቂ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣን ማንኛውንም ፓች እንደማይቀበል አስታወቀ። ከዚያ በፊት ከዩኒቨርሲቲው አድራሻ የተላኩት ሁሉ እንደገና አንድ በአንድ እንዲመረመሩ ሆነ። አብዛኞቹ በቅንነት የተላኩና ትክክለኛ ሆነው ተገኙ፤ ግን ያንን ለማረጋገጥ ስንት ሰው ስንት ሰዓት አቃጠለ? ተመራማሪዎቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ ጽሑፋቸውንም አነሱ። ከእነርሱ ጋር ምንም ያልተካፈለው ተማሪ ግን ፓቹ በጥርጣሬ ሲታይ የበደለው ማን ነው? በነጻ የሚሠራን ሰው ሳይፈቅድ መፈተኛ ማድረግ፣ በዚያም ላይ ውለታ ዋልኩለት ማለት፣ የትም አገር ሚዛን አይደፋም።

እዚህ ላይ የሚሰነዘር መቃወሚያ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «አንተ በትንሿ ፓች ላይ ይህን ሁሉ አማና ከጫንክባት ማን ደፍሮ ይሰጣል? የመካኒሳው ልጅ ፈርቶ ይቀር የለም ወይ?» ይባላል። መልሱን የማገኘው ከሌላ ታሪክ ነው። የባንክና የመልእክት ግንኙነቶችን የሚመሰጥረው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የተባለ ሶፍትዌር አለ፤ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በሰፊው የሚገለገሉበት ነው። በ2011 መጨረሻ ላይ አንድ ጀርመናዊ ተማሪ ጠቃሚ ነገር ልጨምር ብሎ ኮድ ላከ። በውስጡ አንዲት ማረጋገጫ ተዘንግታ ነበር፤ ከሌላ የመጣ ጥያቄ «ይህን ያህል ስጠኝ» ሲል በእርግጥ ያን ያህል አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ መስመር። የመረመረው ጠባቂም አላያትም። በማርች 2012 በወጣው እትም ወጣች፤ በኤፕሪል 2014 «ሃርትብሊድ» በሚል ስም እስክትገለጥ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል የዓለም ምስጢር በዚያች ቀዳዳ ሲንጠባጠብ ኖረ። ሰውየው ምን አደረገ? አልተደበቀም። በስህተት ያደረግሁት ነው፣ ሆን ብዬ አይደለም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ለእኔ ይህ የበቃ መልስ ነው። ተጠያቂነት ማለት አለመሳሳት አይደለም። ጎርፉ በገባ ጧት አካፋ ይዞ መውጣት ነው። የመካኒሳውን ልጅ እንዳይሰጥ የሚያስፈራው እንከን የለሽ ሁን የሚለው ትእዛዝ ነው እንጂ ከሰጠህ በኋላ አትጥፋ የሚለው አይደለም።

በዚያው በሃርትብሊድ ጊዜ ሌላም ጉድ ታየ። የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች የሚተማመኑበትን ያንን ሶፍትዌር ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራው ሰው ቁጥር በእጅ ጣት የማይሞላ ነበር። የበላው ሁሉ ድስቱን ማን እንደጣደው አልጠየቀም። ያን ጊዜ ብዙዎች ደነገጡ፤ ገንዘብም ተዋጣ። ደግሞ ተረሳ።

ወደ ከባዱ ታሪክ ልምጣ። በኦክቶበር 2021 ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ሰው ኤክስ ዜድ ለተባለ የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር አንዲት ትንሽ ፓች ላከ። ጉዳት የሌላት ነበረች። ከዚያም ሌላ ላከ፤ ከዚያም ሌላ። ሶፍትዌሩን የሚጠብቀው አንድ ሰው ሲሆን የሚሠራውም ያለ ክፍያ በትርፍ ሰዓቱ ነበር። በ2022 ደግሞ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች «ለምን ትዘገያለህ? ሥራውን ለሌላ አስረክብ» እያሉ ይወተውቱት ጀመር። እነዚህ ከዚያው ሰው ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው የሚጠረጥሩ መርማሪዎች ብዙ ናቸው። ጠባቂው ደክሞታል፤ አጠገቡ ደግሞ ታታሪና ትሑት የሆነ ሰው አለ። ቁልፉን አካፈለው። ከሁለት ዓመት በላይ መልካም ሥራ የሠራው ያ እጅ በፌብሩዋሪና በማርች 2024 በወጡት ሁለት እትሞች ውስጥ፣ ለመፈተኛ ተብለው በተቀመጡ ፋይሎች መሐል፣ የሰርቨሮችን በር ለባዕድ የሚከፍት ምስጢራዊ ቁልፍ ደበቀ። የሰውየው እውነተኛ ማንነት በይፋ አልተረጋገጠም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዋ ፓች በራሷ ስትታይ መልካም ነበረች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ኮዱን አይቶ ክፋት ሊያገኝባቸው የሚችል ዳኛ የለም። ስለዚህ የፓችን በጎነት በፓቿ ውስጥ ብቻ መፈለግ አይቻልም። እምነት በትንንሽ ነገር የሚገነባ መሆኑን የሚያውቀው ደግ ሰው ብቻ አይደለም፤ አታላይም በሚገባ ያውቀዋል። በገበያችንስ የለም ወይ? ሦስት ጊዜ መቶ መቶ ብር ተበድሮ በቀኑ የሚመልስ፣ በአራተኛው አምሳ ሺህ ይዞ የሚሰወር።

ይህ ማለት ግን ትንሽ ስጦታ የሚያመጣ እንግዳን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን እንይ ማለት አይደለም። እንደዚያ ከሆነ የመካኒሳው ልጅ በሩ ላይ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ወገን ነው፤ ተቀባዩ ሕዝብ። አታላዩ የገባው በኮድ ቀዳዳ ብቻ አልነበረም፤ በሰው ድካም በኩል ነው የገባው። ያ ድካም የመጣው ደግሞ ዓለም በሙሉ በነጻ እየተገለገለ፣ «ለምን አልተሠራም» ከማለት በቀር ጠባቂውን «እንዴት ነህ» የሚለው ሰው ስላልነበረ ነው። የሚወተውቱት ሰዎች ሐሰተኞች ቢሆኑ እንኳ ውትወታቸው እውነተኛ የመሰለው ብዙዎቻችን በእርግጥ እንደዚያ ስለምንናገር ነው። ትዕግሥት የሌለው ተጠቃሚ ሳያውቀው ለሌባ መሰላል ይይዛል።

ጉዱን ያወጣውም ትንሽ ነገር መሆኑ ይገርማል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ባልደረባ በሌላ ጉዳይ ላይ ሙከራ ሲያደርግ ወደ ኮምፒዩተሩ ርቆ የመግቢያው ነገር ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ሻዩን ፉት ብሎ የሚያልፈውን እርሱ ለምን ብሎ ተከታተለው፤ በማርች 29 ቀን 2024 ያገኘውን ለሕዝብ ገለጸ። እትሞቹ ገና በመፈተሻ ላይ ባሉ የሊኑክስ ዓይነቶች እንጂ በሰፊው ስላልተሠራጩ ዓለም ከትልቅ አደጋ ተረፈ። ይህ ሰው አንድም መስመር ኮድ አልጨመረም። ከፓቾች ሁሉ የምትበልጠዋን ያዋጣው ግን እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ዓለም በሙሉ የሰደቃ ዓለም አድርጎ መሳል እውነት አይሆንም። ዛሬ ወደ ሊኑክስ ከሚገቡት ፓቾች አብዛኞቹ እንደ ኢንቴል፣ ሬድ ሃት፣ ጉግል ባሉ ኩባንያዎች ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ሥራ ናቸው። ሐላል እንጀራ ነው፤ የሚነቀፍ የለውም። ልዩነቱ ደመወዝተኛው ቢጠፋ መሥሪያ ቤቱ መኖሩ ነው። እንደ ኤክስ ዜድ ያሉት፣ እንደ እኛ ቋንቋ ፋይሎች ያሉት ግን ከኋላቸው መሥሪያ ቤት የላቸውም። የኛን ወር ስም፣ የኛን ፊደል የሚጠብቅ ደመወዝተኛ ከሌላ አገር አይመጣም። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ትንሿ ፓች ለኛ ከሌላው ይልቅ የምትከብደው። የሚያርማት ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

ወደ ወጣቱ ልመለስና፣ ጃንዋሪና ጥር አንድ አለመሆናቸውን ወረቀት ላይ ቆጥረን ካየን በኋላ ትንሽ አፈረ፤ ወዲያውም ተነቃቃ። ትክክለኛው መንገድ የአንዱን ወር ስም ለሌላው መስጠት ሳይሆን ኮምፒዩተሩ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ራሱን እንዲያውቅ ማድረግ መሆኑን፣ ይህም አይ ሲ ዩ በሚባል ሌላ የሶፍትዌር ስብስብ ውስጥ ከነዐሥራ ሦስት ወሩ ተሠርቶ የተቀመጠ መሆኑን አነበበ። የጎደለው በሚጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ዘንድ መገናኘቱ ነው። ይህ ደግሞ የሁለት መስመር ሥራ አይደለም። ሰዎች ይጽፉለታል፤ ጳጉሜን በስድስት ዓመት ትሳሳታለች የሚል ይመጣል፤ ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ነው ወይስ ከንጋት የሚጀምረው የሚል ይመጣል። ሁሉንም መመለስ አለበት። «ስንት ዓመት ጋሼ?» አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት፤ እስከፈለጉህ ድረስ።

ሌላም ሥራ አሳይቼዋለሁ። በ2021 በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ላይ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ተመዝግበዋል። መመዝገብ ማለት ግን መታየት አይደለም፤ በየስልኩ ያለው የፊደል ቅርጽ ስብስብ እነርሱን ማካተት አለበት፤ የቁልፍ ሰሌዳውም እንዲሁ። እናቱ ጉራጌ ናት፤ ከአያቱ ጋር የሚያወራው በቋንቋቸው ነው። ቅርጹን በትክክል ለመሣል ቋንቋውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሰረዝ ቢዛነፍ ድምፁ ይለወጣልና። አያቱን እጠይቃለሁ ብሎ ሄዷል። እስከዚያው ድረስ ፊደሎቹ በአሮጌ ስልኮች ላይ ባዶ ሣጥን ሆነው ይታያሉ።